የሰገራ ንቅለ ተከላ የተቆጣ አንጀትን ያድናል?

የሰገራ ንቅለ ተከላ ማለት ከጤነኛ ሰው የተገኘ ሰገራ ተመርምሮ፣ በጨው ውሃ ተበጥብጦና ተጣርቶ ወደ ታማሚው አንጀት የሚገባበት ሕክምና ነው። ሲሰሙት ይቀፋል። ሐሳቡ ግን እንጀራ ለሚጋግር ሰው እንግዳ አይደለም። ሊጡ አልቦካ ያላት ሴት ከጎረቤት እርሾ ትለምናለች፤ የምትፈልገው ውሃውንና ዱቄቱን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ሕይወት ነው። ሰገራም የምግብ ገለባ ብቻ አይደለም። ውሃው ሲወጣለት ከሚቀረው ደረቅ ክፍል ከሩብ እስከ ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያ ነው። 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው ውስጥ 38 ትሪሊዮን ገደማ ባክቴሪያ እንደሚኖር ይገመታል፤ አብዛኛውም የሚኖረው በትልቁ አንጀት ነው።

ይህ ሕክምና በአንድ በሽታ ላይ ተፈትኖ አልፏል። ብዙ ሰው ተስፋ ባደረገበት በተቆጣ አንጀት፣ አይቢኤስ በሚባለው ሕመም ላይ ግን አንዱ ጥናት አሻለ ሲል ሌላው አላሻለም ይላል። ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት እንደመጣ ለማየት ከሕመሙ መነሳት ይሻላል።

አይቢኤስ ምን ዓይነት ሕመም ነው?

አይቢኤስ በአማርኛ የአንጀት መቆጣት ሊባል ይችላል። በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ «ጨጓራ» በሚለው ስም ተጠቃሎ ይታለፋል። የጨጓራ ሕመም ግን በአብዛኛው ከእምብርት በላይ የሚያቃጥል ሲሆን የአይቢኤስ ቁርጠት ከመጸዳዳት ጋር የተቆራኘ ነው። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ሮም 4 የሚባለው መስፈርት ታማሚው ባለፉት 3 ወራት በአማካይ በሳምንት ቢያንስ 1 ቀን ሆዱን ሊያመው እንደሚገባ ይናገራል። ሕመሙም ሲጸዳዱ የሚሻል ወይም የሚብስ፣ የመጸዳዳት ብዛት ሲለወጥ የሚመጣ፣ ወይም የሰገራው መልክ ሲለወጥ የሚመጣ መሆን አለበት፤ ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ መሟላት አለባቸው። ሕመሙ ከጀመረም ቢያንስ 6 ወር ሊሆነው ይገባል። አንዱን ተቅማጥ ያስቸግረዋል፣ ሌላውን ድርቀት፣ ሦስተኛውን ሁለቱም እየተፈራረቁ።

አንጀቱ በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ፣ ሲታይ ደህና ነው፤ ቁስል የለውም። ይህ ማለት ግን ሕመሙ በሐሳብ የመጣ ነው ማለት አይደለም። በብዙዎቹ ታማሚዎች ትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ ትንሽ ፊኛ ገብታ ስትነፋ፣ ሌላው ሰው ገና መሙላት ብቻ በሚሰማው መጠን ላይ እነርሱን ያማቸዋል። ሬዲዮው ያው ነው፣ ድምፁ ግን እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ባክቴሪያዎቹ በዚህ ውስጥ እጃቸው እንዳለበት የሚያስጠረጥረው አንዱ ነገር፣ በጀርም የመጣ የአንጀት ሕመም ካለፋቸው 10 ሰዎች አንዱ ገደማ በኋላ አይቢኤስ የሚይዘው መሆኑ ነው። ሰው ከተቅማጡ ይድናል፣ አንጀቱ ግን ወደ ቀድሞው ጠባዩ አይመለስም።

ሕክምናው የተመሰከረለት የት ነው?

በቻይና በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው ጌ ሆንግ ለከባድ ተቅማጥ የሰገራ ብጥብጥ ያዝ እንደነበር ተጽፎ ይገኛል። በዘመናዊ ሕክምና ደግሞ በ1958 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ዴንቨር የቀዶ ሐኪሙ ቤን አይዝማንና ባልደረቦቹ፣ ፀረ ባክቴሪያ ካስከተለባቸው ከባድ የአንጀት ብግነት ጋር ይታገሉ ለነበሩ 4 ታማሚዎች በፊንጢጣ በኩል ሰጥተው መዳናቸውን አሳተሙ። ዛሬ የዚህ ዓይነቱ ሕመም ዋና መንስኤ ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል፣ በአጭሩ ሲ ዲፍ፣ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑ ይታወቃል።

ሲ ዲፍ እንዴት እንደሚነሳ ማወቅ የንቅለ ተከላውን ምስጢር ይገልጣል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የአንጀቱን ነባር ነዋሪዎች ይመነጥራል። ከእነርሱ መካከል ጉበት የሚያመነጨውን የሐሞት አሲድ ወደ ሌላ ዓይነት የሚቀይሩ አሉ። የተቀየረው አሲድ ሲ ዲፍን ያፍነዋል፤ ያልተቀየረው ደግሞ ስፖር የሚባለውን፣ እንደ ዘር ተኝቶ የነበረውን የባክቴሪያውን ቅርጽ ይቀሰቅሰዋል። ነዋሪዎቹ ሲጠፉ ማፈኛው ይቀራል፣ መቀስቀሻው ይበዛል። ከጤነኛ ሰው የመጣው ሰገራ እነዚያን ባክቴሪያዎች መልሶ ሲያሰፍር በሽታው መድረሻ ያጣል። በ2013 ከአምስተርዳም የታተመ ጥናት ይህን በቁጥር አሳየ። ሕመሙ ከተመላለሰባቸውና ንቅለ ተከላውን ከወሰዱ 16 ሰዎች 13ቱ በመጀመሪያው፣ 2ቱ በድጋሚው ዳኑ። ቫንኮማይሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ ብቻ ከወሰዱ 13 ሰዎች የዳኑት 4 ነበሩ። ልዩነቱ በጣም ጎልቶ ስለታየ ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ።

በሲ ዲፍ ታማሚ አንጀት ውስጥ ቤቱ ባዶ ነው። እንግዳው ገብቶ ለመደላደል አይቸገርም፤ የሚጠበቅበት ሥራም አንድና ግልጽ ነው። የአይቢኤስ ታማሚ አንጀት ግን ሙሉ ነው። ነዋሪዎቹ ከጤነኛው ሰው ትንሽ ለየት ይሉ ይሆናል እንጂ አልጠፉም፤ ሕመሙም ከነርቭ፣ ከምግብ፣ ከጭንቀትና ከአንጀት እንቅስቃሴ ጋር የተጠላለፈ ነው። ያልቦካ ሊጥ ላይ እርሾ ማፍሰስና በራሱ እርሾ በቦካ ሊጥ ላይ የሌላ ቤት እርሾ መጨመር አንድ አይደለም።

በአይቢኤስ ላይ የተደረጉት ጥናቶች

ውጤቱ የሚለካው በአብዛኛው ከ0 እስከ 500 በሚደርስ ነጥብ ነው። አምስት ጥያቄዎች አሉ፤ እያንዳንዱ እስከ 100 ነጥብ ይይዛል፦ የሕመሙ ብርታት፣ ያመመበት ቀን ብዛት፣ የሆድ መነፋት፣ በመጸዳዳት ሁኔታ አለመርካትና ሕመሙ ኑሮን የሚያውክበት መጠን። ከ300 በላይ ከባድ ይባላል። ብዙ ጊዜ ነጥቡ ቢያንስ በ50 ከወረደ ሰውየው ተሽሎታል ተብሎ ይቆጠራል።

በሰሜን ኖርዌይ በሃርስታድ የተደረገው ጥናት በ2018 ታተመ። ከታማሚዎቹ ሁለት ሦስተኛው በዕጣ የለጋሽ ሰገራ በኮሎኖስኮፒ ተሰጣቸው፤ የቀሩት ሳያውቁ የራሳቸው ሰገራ ተመለሰላቸው። ከ3 ወር በኋላ ከ55ቱ 36ቱ ማለትም 65 በመቶ ተሻላቸው። የራሳቸው ከተመለሰላቸው 28 ሰዎች ደግሞ 12ቱ፣ 43 በመቶ፣ ተሻላቸው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የገዛ ሰገራቸው ተመልሶ ከተሰጣቸው 10 ሰዎች 4ቱ ገደማ ተሽሎናል አሉ። አይቢኤስ በራሱ ከፍና ዝቅ የሚል ሕመም ነው፤ የሕክምና ትኩረትና ተስፋም ያስታግሰዋል። «እኔ አድርጌው ድኛለሁ» የሚል የአንድ ሰው ምስክርነት ብቻውን ብዙም የማያስረዳው ለዚህ ነው። በ12ኛው ወር ላይ ሲታይ ደግሞ በሁለቱ ወገን መካከል የነበረው ልዩነት አስተማማኝነቱን አጥቶ ነበር።

በዚያው ዓመት ከዴንማርክ የወጣው ጥናት ተቃራኒውን አሳየ። 52 ሰዎች በቀን 25 ካፕሱል ለ12 ቀን ዋጡ፤ ግማሹ የለጋሽ ሰገራ ያለበትን እውነተኛውን፣ ግማሹ ሰገራ የሌለበትን ማስመሰያ። ከ3 ወር በኋላ ይበልጥ የተሻላቸው ማስመሰያውን የዋጡት ነበሩ። የሚያስገርመው ግን እውነተኛውን በዋጡት ሰዎች አንጀት ውስጥ የባክቴሪያው ዓይነት በእርግጥ በዝቶ መገኘቱ ነው። እንግዶቹ ገብተዋል፣ ሕመሙ ግን አልወጣም። «የባክቴሪያ ዓይነት መብዛት» ብቻውን የመዳን ምልክት ተደርጎ እንዳይወሰድ ከዚህ የበለጠ ማስጠንቀቂያ የለም።

ብዙ ተስፋ ያጫረው በ2020 የታተመው ሌላው የኖርዌይ ጥናት ነው፤ የተሠራው በስቶርድ ነበር። 165 ታማሚዎች በሦስት ተመደቡ፦ የራሱ ሰገራ የተመለሰለት፣ 30 ግራም የተሰጠውና 60 ግራም የተሰጠው። የተሰጣቸው ከአፍ በሚገባ ኢንዶስኮፕ ከጨጓራ አልፎ በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው። በ3ኛው ወር የተሻላቸው እንደ ቅደም ተከተሉ 23.6፣ 76.9 እና 89.1 በመቶ ነበሩ። መጠኑ ሲጨምር ውጤቱም ጨምሯል፤ ይህም አጋጣሚ ብቻ ነው የሚለውን ጥርጣሬ ያዳክማል። ከ3 ዓመት በኋላ ሲጠየቁም 27፣ 65 እና 72 በመቶ ገደማ እንደተሻላቸው ተናግረዋል።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሐኪም ይህን አይሰጥም? ለጋሹ አንድ ሰው ስለነበር ነው። የ36 ዓመት ጤነኛ ወንድ ነበር፤ አያጨስም፣ አዘውትሮ ስፖርት ይሠራል፣ በተፈጥሯዊ ምጥ የተወለደና የእናት ጡት የጠባ፣ በዕድሜው ፀረ ባክቴሪያ የወሰደው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ የአንጀቱን ተሕዋስያን አስቀድመው አይተው መርጠውታል። አንድ ለጋሽ፣ አንድ ሆስፒታልና አንድ የተመራማሪ ቡድን የሰጠው ውጤት በሌላ ለጋሽና በሌላ ቦታ እስኪደገም ድረስ ለሁሉም የሚታዘዝ ሕክምና አይሆንም። የቤልጂየም ሐኪሞች በጌንት ሆዳቸው በጣም የሚነፋ 62 ታማሚዎችን ፈትነው በ12ኛው ሳምንት 56 ለ26 በመቶ ልዩነት አግኝተዋል፤ ጥቅሙ ግን በዓመቱ ውስጥ በአብዛኞቹ ላይ እየሳሳ ሄዷል። በ2019 ደግሞ 5 ጥናቶችንና 267 ታማሚዎችን አንድ ላይ የደመረ ትንተና በጠቅላላው ከማስመሰያው የተለየ ውጤት አላገኘም። ለየብቻ ሲታይ በኮሎኖስኮፒ የተሰጠው ሲጠቅም በካፕሱል የተሰጠው ከማስመሰያው አንሶ ተገኝቷል።

የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር በ2024 ባወጣው መመሪያ ሕክምናው ከጥናት ውጪ ለአይቢኤስ እንዳይሰጥ መክሯል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በኅዳር 2022 ሪባዮታ የተባለውን በፊንጢጣ የሚሰጥ፣ በኤፕሪል 2023 ደግሞ ቫውስት የተባለውን ካፕሱል ሲፈቅድ ለአዋቂዎች ለሚመላለስ ሲ ዲፍ መከላከያነት ብቻ ነው።  ለአይቢኤስ የተፈቀደ ምርት የለም።

ሰገራው እንዴት ይዘጋጃል?

ሥራው የሚጀምረው ከለጋሹ ነው፤ አብዛኛው አመልካችም እዚያው ይቀራል። በቅርብ ወራት ፀረ ባክቴሪያ ወስዷል? በጣም ወፍራም ነው? የስኳር፣ የአንጀት ወይም የአእምሮ ሕመም አለበት? በቤተሰቡ የአንጀት ካንሰር ነበረ? የት አገር ኖሯል? እነዚህን ካለፈ ደሙ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ኤ፣ ቢና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ይመረመራል። ሰገራው ለሲ ዲፍ፣ ለሳልሞኔላ፣ ለሺጌላ፣ ለጃርዲያ፣ ለአሜባ፣ ለሮታና ለኖሮ ቫይረስ፣ መድኃኒት ለተላመዱ ባክቴሪያዎችም ይፈተሻል። ከሐሩር አገሮች ለመጣ ሰው፣ ከኢትዮጵያ ለሄደውም ጭምር፣ ስትሮንጂሎይድስ የተባለው ትል በተለይ ይፈለጋል። ይህ ትል ያለ ምንም ምልክት በሰው ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ የመከላከያ አቅሙ የደከመ ሰው ውስጥ ሲገባ ግን ሊገድል ይችላል። ምርመራው ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ይደገማል፤ ሰገራውም በማቀዝቀዣ ታግዶ የሚቆየው ሁለተኛው ውጤት እስኪመጣ ነው። ገና የተያዘ ሰው በመጀመሪያው የደም ምርመራ ላይታወቅ ይችላልና።

ቀጥሎ ያለው ከጊዜ ጋር መሽቀዳደም ነው። የአንጀት ባክቴሪያ አብዛኛው ኦክስጅን ይገድለዋል፤ ስለዚህ ሰገራው በ6 ሰዓት ውስጥ መዘጋጀት አለበት። የአውሮፓ ባለሙያዎች ስምምነት ቢያንስ 30 ግራም ሰገራ፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ በ150 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የጨው ውሃ እንዲበጠበጥ ይላል። ከዚያ ይጣራል፤ ያልተፈጨ የምግብ ቅንጣት ከቀረ ቀጭኑን ቱቦ ይደፍናል። የሚቀመጥ ከሆነ ከጠቅላላው 10 በመቶ የሚሆን ግሊሴሮል ይጨመርበታል። ግሊሴሮል በሌለበት ውሃው ሲበርድ የሚፈጥረው የበረዶ ስለት የባክቴሪያውን ሽፋን ይቀድደዋል። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል፤ ሲፈለግ በ37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ይቀልጣል፣ በ6 ሰዓት ውስጥም ይሰጣል። አንዴ የቀለጠ እንደገና አይበርድም።

በኮሎኖስኮፒ የሚሰጠው ታማሚ ከቀኑ በፊት አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት ይጠጣል፤ ብጥብጡም ትልቁ አንጀት በሚጀምርበት ጫፍ ላይ ይለቀቃል። በላይ በኩል የሚሰጠው ጾሙን ይመጣል፤ የሚገባው መጠን አነስተኛ ነው፣ በቀስታም ይሰጣል። በዚህ መንገድ ትልቁ አደጋ ብጥብጡ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ መግባቱ ነው፤ በዚህ የሞተ ታማሚ በሕክምና ጽሑፍ ተዘግቧል። ከንቅለ ተከላው በኋላ በሳምንታት ውስጥ ለጉንፋን ተብሎ አሞክሳሲሊን የዋጠ ሰው ደግሞ የገቡትን እንግዶች በገዛ እጁ ያስወጣቸዋል።

ምን ሊያስከትል ይችላል?

ቁርጠት፣ መነፋት፣ ተቅማጥ ወይም ድርቀት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተለመዱ ናቸው፤ በአብዛኛው ራሳቸው ይጠፋሉ። ከባዱ ሌላ ነው። በሰኔ 2019 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የመከላከያ አቅማቸው የደከመ ሁለት ታማሚዎች ከአንድ ለጋሽ መድኃኒት የተላመደ ኢ ኮላይ የተባለ የአንጀት ባክቴሪያ እንደተላለፈባቸውና አንዱ እንደሞተ አስታወቀ። የለጋሹ ሰገራ ለዚያ ባክቴሪያ አስቀድሞ አልተመረመረም ነበር። በ2020 መጋቢት ደግሞ ሌሎች የኢ ኮላይ ዓይነቶች መተላለፋቸው ተነገረ። ንቅለ ተከላውን የወሰደች አንዲት ሴት ክብደቷ ጨመረ የተባለበት ገጠመኝም ተጽፏል፤ ለጋሿ ሴት ልጇ ነበረች፣ የልጅቷም ክብደት ይጨምር ነበር። መንስኤው ንቅለ ተከላው መሆኑ አልተረጋገጠም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ወፍራም ለጋሽ አይወሰድም።

በቤት ውስጥ ከዘመድ ወስዶ ራስን ማከም የሚያስፈራው በዚህ ምክንያት ነው። ወንድምዎ ፍጹም ጤነኛ መስሎ ስትሮንጂሎይድስ ወይም መድኃኒት የተላመደ ኢ ኮላይ ሊሸከም ይችላል፤ እርሱም አያውቅም። የሚያጡት ነገር ትልቅ ነው፣ የሚያገኙት ግን በሆስፒታል በጥንቃቄ ሲሠራ እንኳ ያልተረጋገጠ ነው።

እስከዚያው ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ሕመሙ በእርግጥ አይቢኤስ መሆኑ ይረጋገጥ። ደም ያለው ሰገራ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ደም ማነስ፣ ትኩሳት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ ከ50 ዓመት በኋላ የጀመረ ሕመም ወይም በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር ካለ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። በአገር ቤት ደግሞ ጃርዲያ ራሱን እንደ አይቢኤስ አስመስሎ ስለሚመጣ የሰገራ ምርመራ አይዘለል። ምርመራው ምንም ሳያሳይ ሆድ በተነፋ ቁጥር ሜትሮኒዳዞል መግዛት ግን ነዋሪዎቹን ከመመንጠር ሌላ አይረባም።

ከምግብ ብዙ የሚያስቸግሩት በአንጀት ሳይፈጩ አልፈው ባክቴሪያ የሚያቦካቸው ስኳሮች ናቸው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ምስር እነዚህን በብዛት ይይዛሉ። በጾም ሽሮና ምስር በየቀኑ የሚበላ ሰው ሆዱ የሚነፋው ከዚህ ነው። የሽንኩርቱ ስኳር በውሃ ይሟሟል፣ በዘይት ግን አይሟሟም። ስለዚህ ከወጥ ውስጥ ሽንኩርቱን ለቅሞ ማውጣት አይጠቅምም፤ መረቁ ጠጥቶታል። ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ብቻ አቁላልቶ ካወጡት በኋላ ዘይቱን መጠቀም ግን ጣዕሙን ያስቀራል፣ ስኳሩን አያመጣም። ምግቡን መቀነስ ለ4 እስከ 6 ሳምንት ነው፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ የሚያምመውን መለየት ነው እንጂ ሁሉንም ለዘለቄታው መተው አይደለም። መነፋት ለሚያስቸግረው የእንግሊዝ መመሪያ በቀን እስከ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ ይመክራል። በእንግሊዝ 463 ታማሚዎች በተሳተፉበትና በ2023 በታተመ ጥናት ከ10 ሚሊ ግራም ተነስቶ እስከ 30 የሚደርስ አሚትሪፕቲሊን ከማስመሰያው በተሻለ ረድቷል፤ ይህ መጠን የአንጀቱን ነርቭ ለማብረድ የሚሰጥ ነው፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ።

በውጭ አገር ሆኖ ወደ ንቅለ ተከላ ጥናት የተጋበዘ ሰው ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ለጋሹ ለምን ለምን እንደተመረመረና ምርመራው መደገሙን፣ ሰገራው በየት በኩል በስንት ግራም እንደሚሰጥ፣ የማስመሰያው ወገን ምን እንደሚወስድ ይጠይቅ። ለአይቢኤስ ገንዘብ ተቀብሎ የሚሰጥ ክሊኒክ እነዚህን መመለስ ካልቻለ ጥናት እያካሄደ አይደለም። ከ12 ወር በኋላ ማን እንደሚከታተለውም ይጠይቅ፤ በሃርስታድ በ3ኛው ወር የታየው ልዩነት የሳሳው በዚያ ጊዜ ነው።